በነጻ የኦንላይን ንድፍ ኪሮሽ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኢንተርኔት ነጻ ንድፍ አውርደው ቤታቸው ኪሮሽ የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ለመጀመር ምን ምን ያስፈልገኛል?

አንድ መንጠቆ፣ አንድ ጥቅል ክር፣ መቀስ፣ የክሩን ጫፍ መጨረሻ ላይ ለመደበቅ ደግሞ ቀዳዳው ሰፊ፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ መርፌ። ሌላው ሁሉ ይቆይ። ብዙ መንጠቆ የያዘ ባለ ቦርሳ ስብስብ ዓይን ይስባል፤ ጀማሪ ግን ከዚያ ሁሉ የሚነካው አንዱን ወይም ሁለቱን ነው።

መንጠቆው 5 ሚሊሜትር፣ ክሩ መካከለኛ ውፍረት ያለው ይሁን። በብዙ ጥቅሎች ወረቀት ላይ ከ0 እስከ 7 የሚደርስ የውፍረት ቁጥር ይታተማል፤ 0 ለዳንቴል የሚሆነው ቀጭኑ፣ 7 እጅግ ወፍራሙ ነው። ለመማሪያ 4 ቁጥር ይመቻል። ቀለሙ ፈካ ያለና አንድ ወጥ፣ ክሩም ጸጉር የሌለው ቢሆን ይመረጣል። ጥቁር ክር ላይ ስቲቹ (በመንጠቆው የሚሠራው እያንዳንዱ ዓይን) የት ጀምሮ የት እንዳለቀ በማታ መብራት ልምድ ያለው ሰው እንኳ አይለየውም። ጸጉራም ክር ደግሞ ሲተረተር እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ጀማሪ ሆኖ የማይተረትር የለም።

ነጻ ንድፍ የት አገኛለሁ?

መጀመሪያ የምጠቁመው ራቬልሪን ነው። ከ2007 ጀምሮ ያለ፣ የኪሮሽና የሹራብ ንድፎች የሚመዘገቡበት ድረ ገጽ ነው። አካውንት መክፈት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፍለጋውን «ነጻ»፣ «ኪሮሽ»፣ የክር ውፍረት፣ የአስቸጋሪነት ደረጃ እያሉ ማጥበብ ይቻላል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ንድፉን የሠሩ ሰዎች የለጠፉት የራሳቸው ፎቶ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የክር አምራቾች ድረ ገጽ ነው። የኖርዌዩ ድሮፕስ ዲዛይን ንድፎቹን በብዙ ቋንቋ በነጻ ያወጣል፤ በ1878 የተመሠረተው የአሜሪካው ላየን ብራንድም፣ ያርንስፒሬሽንስም እንዲሁ። ነጻ የሚሆኑት ክሩ እንዲሸጥ ነው፤ ስለዚህ ንድፉ የራሳቸውን ክር በስም እየጠራ ቢያስቸግር አይግረምዎት፣ በሌላ ክር መተካት ይቻላል። የጥንት ዳንቴል ለሚወድ ደግሞ አንቲክ ፓተርን ላይብረሪ አለ፤ የባለቤትነት መብታቸው ጊዜ ያለፈባቸውን አሮጌ መጻሕፍት ስካን አድርጎ ያቀርባል። ፒንተረስት ለሐሳብ ጥሩ ነው፤ ለንድፍ ግን ብዙ ጊዜ ከፎቶው ወዲያ መንገዱ ይጠፋል።

ንድፉ ጥሩ መሆኑን ሳልጀምር እንዴት ልወቅ?

አሥር ደቂቃ ወስደው እስከ መጨረሻው ያንብቡት። በሚገባ የተዘጋጀ ንድፍ የክሩን ውፍረትና ርዝመት፣ የመንጠቆውን ልክ በሚሊሜትር፣ ጌጁን (በ10 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ስቲችና ረድፍ እንደሚገባ)፣ ያለቀውን ዕቃ መጠንና የምህጻረ ቃላቱን ትርጉም ከላይ ይነግርዎታል። ከእነዚህ ሁለቱ ሦስቱ ከጎደሉ ንድፉን ያወጣው ሰው ለራሱ ማስታወሻ እንጂ ለሌላ ሰው አልጻፈውም።

እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ግን በየረድፉ መጨረሻ የተጻፈውን የስቲች ብዛት ነው። ብዛቱ የተጻፈለት ንድፍ ላይ ስህተት ቢፈጠር እዚያው ረድፍ ላይ ይያዛል። ብዛት በሌለው ንድፍ ግን በ3ኛው ረድፍ የጠፋ ስቲች በ20ኛው ላይ ነው የሚታየው፤ ያኔ ጥፋቱ የንድፉ ይሁን የእጅ መለየት አይቻልም። ነጻ ንድፍ ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ተሠርቶ ተፈትኖ አይወጣም፤ ስለዚህ አስተያየቶቹንም ይመልከቱ። «5ኛው ረድፍ አልመጣልኝም» የሚል አንድ ሰው ካለ የእሱ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ሰው ካለ የንድፉ ነው።

ፎቶው እውነተኛ አይመስለኝም። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ፎቶውን አጉልተው አንድ ረድፍ በዓይንዎ ይከተሉ። እውነተኛ ኪሮሽ ላይ እያንዳንዱ ስቲች ከታች ካለው ስቲች ላይ ሲነሳ ይታያል፣ ረድፉም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቆጠራል። በኮምፒውተር የተፈጠረው ግን ከሩቅ ኪሮሽ ይመስልና ሲቀርቡት አንዳንዱ ቦታ የሹራብ፣ አንዳንዱ የሽሩባ ቅርጽ ይሆናል፤ ረድፉ መሃል ላይ ይጠፋል። እንደ ሐር የሚያበራ፣ አንድም ክር ያልተዛነፈበት፣ በሠላሳ ቀለም የተሠራ ወፍ ካዩ ይጠራጠሩ።

ሌላው ምልክት የፎቶው ብዛት ነው። በእጁ የሠራ ሰው ዕቃውን ከጎን፣ ከኋላ፣ በከፊል ተሠርቶ ሳለ ማሳየት ይችላል። አንድ ፎቶ ብቻ ካለ፣ የአዘጋጁ ስም ከሌለ፣ የሌላ ሰው ሥራም ከሌለ ንድፉን ይለፉት። ጽሑፉም በዚሁ መንገድ የተፈጠረ ሊሆን ይችላልና ሁለት ሦስት ረድፍ በወረቀት ላይ ደምረው ይፈትሹት፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ክር አያባክኑበት።

ከቪዲዮ ልማር ወይስ ከተጻፈ ንድፍ?

የእጅ እንቅስቃሴውን ከቪዲዮ፣ ዕቃውን ከጽሑፍ። መንጠቆው የት ገብቶ የት እንደሚወጣ በቃል ሲገለጽ ግራ ያጋባል፣ ሲታይ ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሙሉ ብርድ ልብስ በቪዲዮ መከተል ግን እያስቆሙ፣ እየመለሱ፣ የት እንደደረሱ እየጠፋዎት መኖር ነው።

እንደ ኤስሲ፣ ዲሲ፣ ሲኤች ያሉት ፊደላት ምን ማለት ናቸው?

በእንግሊዝኛ የተጻፉ ንድፎች የስቲቾቹን ስም ያሳጥራሉ። ሲኤች ሰንሰለት ነው፤ መንጠቆው ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ክሩን አንድ ጊዜ መሳብ። ኤስኤል ኤስቲ ስሊፕ ስቲች ነው፤ ቁመት የለውም፣ ለማያያዝና ቦታ ለመቀየር ያገለግላል። ኤስሲ ሲንግል ክሮሼ፣ ኤችዲሲ ሃፍ ደብል፣ ዲሲ ደብል ክሮሼ፣ ቲአር ትሬብል ሲሆኑ በዚሁ ቅደም ተከተል ቁመታቸው እየጨመረ ይሄዳል።

ኢንክ ማለት አንድ ስቲች ውስጥ ሁለት መሥራት፣ ማለትም መጨመር ነው። ዴክ ሁለቱን አንድ ማድረግ፣ ማለትም መቀነስ ነው። አርኤንዲ ዙር፣ አርኤስ የዕቃው ፊት፣ ደብልዩኤስ ጀርባው ነው። እነዚህን የያዘ ሰው የአብዛኞቹን ነጻ ንድፎች ቋንቋ ያነባል፤ ልዩ ስቲች ካለ ንድፉ ራሱ ከላይ ያብራራዋል።

እንደተጻፈው ሠርቼ ዕቃው ከፎቶው በቁመት ለምን እጥፍ ሆነ?

ምናልባት የእንግሊዝን ንድፍ በአሜሪካ ስያሜ አንብበውት ይሆናል። ሁለቱ አገሮች አንድ ስም ለተለያየ ስቲች ይጠቀማሉ፤ ነጻ ንድፍ ላይ ሰውን ከሚያሰናክሉት ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። አሜሪካኖቹ ሲንግል የሚሉትን እንግሊዞቹ ደብል ይሉታል። የአሜሪካው ሃፍ ደብል በእንግሊዝ ሃፍ ትሬብል፣ የአሜሪካው ደብል በእንግሊዝ ትሬብል፣ የአሜሪካው ትሬብል በእንግሊዝ ደብል ትሬብል ነው። ሁሉም በአንድ ደረጃ የተገፋ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ንድፉ ውስጥ ሲንግል ክሮሼ ወይም ሃፍ ደብል የሚል ካለ የአሜሪካ ነው፤ ዛሬ በሚሠራበት የእንግሊዝ ስያሜ እነዚህ ስሞች የሉም። ሃፍ ትሬብል የሚል ካለ የእንግሊዝ ነው። ሁለቱም ከሌሉና ዲሲ ብቻ ካለ የመነሻ ሰንሰለቱን ይመልከቱ። ሦስት ሰንሰለት ዘለው አራተኛው ላይ እንዲሠሩ ካዘዘ ረጅሙ ስቲች ነው፣ ማለትም የአሜሪካው ደብል። ከመንጠቆው ሁለተኛው ሰንሰለት ላይ ጀምሩ ካለ አጭሩ ነው፣ ማለትም የእንግሊዙ ደብል። የአዘጋጁን አገር አይተው ብቻ አይወስኑ፤ እንግሊዝ አገር ተቀምጠው በአሜሪካ ስያሜ የሚጽፉ ብዙ ናቸው።

መንጠቆው ላይ ፊደል እንጂ ሚሊሜትር የለም። ምን ላድርግ?

ፊደሉ የአሜሪካ አለካክ ነው። ኤች 5 ሚሊሜትር፣ አይ 5.5፣ ጄ 6 ሚሊሜትር ናቸው። ጂ ግን በአንዱ አምራች 4፣ በሌላው 4.25 ሊሆን ስለሚችል ከፊደሉ ይልቅ ሚሊሜትሩን ማመን ይሻላል። ለዳንቴል የሚሆኑት ቀጫጭን የብረት መንጠቆዎች ደግሞ በቁጥር ይለካሉ፣ ነገሩም ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ መንጠቆው ይቀጥናል።

ኮከቡ፣ ቅንፉና መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር እንዴት ይነበባሉ?

ኮከብ የሚደገመው ክፍል የት እንደሚጀምር ያሳያል፤ «ከኮከቡ ድገም» ሲል ወደዚያ ይመለሳሉ። ቅንፍ ሁለት ሥራ አለው። ከኋላው የማባዣ ቁጥር ካለ ውስጡ ያለው ያን ያህል ጊዜ ይደገማል፤ «በሚቀጥለው ስቲች» የሚል ካስከተለ ደግሞ ውስጡ ያለው በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ይሠራል። የረድፉ መጨረሻ ላይ ለብቻው የተቀመጠው ቁጥር የስቲቹ ብዛት ነው።

ለምሳሌ «(1 ኤስሲ፣ 1 ኢንክ) × 6፣ 18» ቢል፣ አንድ ስቲች ላይ አንድ፣ ቀጣዩ ላይ ሁለት እየሠሩ ስድስት ጊዜ ይደግማሉ። አንዱ ድግግሞሽ ሦስት ስቲች ስለሚሰጥ 18 ይሆናል። ከታች የሚፈጀው ግን ሁለት ነው፤ ስለዚህ ያለፈው ዙር 12 መሆን ነበረበት። ሁለቱንም ማስላት ይልመዱ። ንድፉ ያለፈው ዙር 14 ነው ካለ ስህተቱ እርስዎ ጋ አይደለም።

ልብስ ላይ ደግሞ «60 (66፣ 72፣ 80)» የሚል ያጋጥማል፤ ይህ የልብሱ ልክ ነው። የመጀመሪያው ትንሹ ሲሆን በቅንፉ ውስጥ ተከታዮቹ ይመጣሉ። የእርስዎን ልክ ቁጥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀለም ቀድመው ያክብቡበት።

ንድፉን በማሽን አስተርጉሜ መጠቀም እችላለሁ?

መግቢያውንና ማብራሪያውን አዎ፤ ረድፎቹን አይሞክሩት። ማሽኑ ምህጻረ ቃላቱን አንዳንዴ እንዳሉ ይተዋቸዋል፣ አንዳንዴም የሌላ ነገር ስም ያደርጋቸዋል። ዝለል፣ ገልብጥ፣ አያይዝ የሚሉትን ቃላት የመሳሰሉት ደግሞ ጠቃሚ ሆነው ሳለ ትርጉማቸው ይዛባል። በእንግሊዝኛ የሚደጋገሙት ቃላት ከሠላሳ ስለማይበልጡ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከማሽኑ ጋር ከመታገል ይቀላል።

ንድፉ የጠራውን ክር አላገኘሁም። በሌላ እንዴት ልተካው?

በመጀመሪያ ውፍረቱ ይመሳሰል፣ ቀጥሎ የተሠራበት ነገር። ጥጥ አይለጠጥም፣ ይከብዳልም፤ ለቦርሳ፣ ለጠረጴዛ ልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ይመቻል። ሱፍ ይለጠጣል፣ ይሞቃል፤ አንዳንዱ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ይኮማተራል። አክሪሊክ ርካሽና ለማጠብ ቀላል ነው፣ ትኩስ ድስት ማስቀመጫ ግን አይሠራበትም፤ ይቀልጣል።

ምን ያህል እንደሚገዛ በግራም አያስሉ፣ በርዝመት ነው። 100 ግራም ጥጥና 100 ግራም አክሪሊክ አንድ ዓይነት ርዝመት የላቸውም። የአሜሪካ ንድፍ በያርድ ስለሚጽፍ በ0.91 ያባዙት፤ 800 ያርድ ወደ 730 ሜትር ነው። የእርስዎ ጥቅል 125 ሜትር ከሆነ ስድስት ይበቃል፣ ሰባት ቢገዙ ግን ጥሩ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይግዙ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን የሎት ቁጥርም ያመሳክሩ። ያ ቁጥር በአንድ ላይ የተቀለሙትን ጥቅሎች ይለያል። ሎቱ የተለያየ «ነጭ» ሱቅ ውስጥ አንድ ይመስላል፣ ብርድ ልብስ ላይ ሲሆን ግን መስመር ሠርቶ ይታያል።

ጌጅ ምንድን ነው? ልዝለለው?

ጌጅ በ10 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ስቲችና ስንት ረድፍ እንደሚገባ የሚናገር መለኪያ ነው። ለስካርፍ፣ ለብርጭቆ ማስቀመጫ፣ ለአሻንጉሊት ቢዘሉት ምንም አይደል። ለሚለበስ ነገር ግን አይዝለሉት።

ሒሳቡን ይዩት። ንድፉ በ10 ሴንቲሜትር 14 ስቲች ይላል፣ የሹራቡ ጀርባም 70 ስቲች ነው፤ ስለዚህ 50 ሴንቲሜትር ይሰፋል ማለት ነው። የእርስዎ እጅ ጠበቅ ያለ ሆኖ በ10 ሴንቲሜትር 16 ከሠሩ ግን ያው 70 ስቲች 44 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ፊትና ጀርባው ተደምሮ 12 ሴንቲሜትር ያህል ጠፋ፤ ሹራቡ ለሌላ ሰው ሆነ። የሁለት ስቲች ልዩነት ነው ይህን ያመጣው።

ናሙናውን ከ10 ሴንቲሜትር ሰፋ አድርገው፣ 15 በ15 ያህል፣ ይሥሩና መሃሉን ይለኩ፤ ጠርዙ ስለሚዛባ አይታመንም። ዕቃው የሚታጠብ ከሆነ ናሙናውም ታጥቦ ደርቆ ይለካ። ስቲቹ ከንድፉ ከበዛ መንጠቆውን በግማሽ ሚሊሜትር ያሳድጉ፣ ካነሰ ያሳንሱ። እጅዎን «ዛሬ ላላ አደርጋለሁ» ብለው ለማዘዝ አይሞክሩ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወደ ልማዱ ይመለሳል።

ሥራዬ ከላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ይሰፋል። ለምን?

ጠርዝ ላይ ስቲች እየጠፋ ወይም እየተጨመረ ነው። ጥፋተኛው ረድፍ ሲገለበጥ የሚሠራው ሰንሰለት ነው። ለሲንግል ክሮሼ አንድ፣ ለሃፍ ደብል ሁለት፣ ለደብል ሦስት ሰንሰለት ይሠራል። የሲንግሉ አንድ ሰንሰለት እንደ ስቲች ስለማይቆጠር የመጀመሪያው ስቲች እዚያው ሥሩ ላይ ይገባል። የደብሉ ሦስት ሰንሰለት ግን በአብዛኛው ራሱ እንደ አንድ ስቲች ይቆጠራል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ደብል የሚገባው ሁለተኛው ስቲች ላይ ነው።

አሁን ሁለት ነገር ይፈጠራል። ሦስቱን ሰንሰለት ሠርተው ሥሩም ላይ ስቲች ካስገቡ አንድ ጨመሩ፣ ሥራው ይሰፋል። በረድፉ መጨረሻ ደግሞ ያለፈው ረድፍ ሦስት ሰንሰለት አናት ላይ ስቲች መሥራት ከረሱ አንድ ቀነሱ፣ ይጠብባል። ያ አናት ከሌላው ስቲች ስለማይመስል ዓይን ያልፈዋል። መፍትሔው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስቲች ላይ መርፌ ቁልፍ ወይም የሌላ ቀለም ክር ማንጠልጠል ነው፣ እጅ እስኪለምድ። በየረድፉ መቁጠሩም አለ፤ የሚሰለች ቢሆንም።

ሥራው ታች ጠቦ ከላይ እንደ ማራገቢያ ከተከፈተ፣ የስቲቹ ብዛት ግን ትክክል ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው፤ የመነሻ ሰንሰለቱ ጠብቋል። ሰንሰለቱን ብቻ አንድ ቁጥር በሚበልጥ መንጠቆ ይሥሩት።

ክብ ስሠራ አንዴ ጎድጓዳ ይሆናል፣ አንዴ ይተጣጠፋል። ዝርግ እንዲሆን ምን ላድርግ?

ዝርግ ክብ በየዙሩ እኩል ብዛት ሲጨመርበት ነው የሚመጣው። በሲንግል ክሮሼ በ6 ጀምረው በየዙሩ 6 ይጨምራሉ፦ 6፣ 12፣ 18፣ 24፣ 30። በደብል ክሮሼ ስቲቹ ረጅም ስለሆነ በ12 ጀምረው በየዙሩ 12 ይጨምራሉ። ሃፍ ደብል በመካከል ነው፤ 8 ያህል። ጭማሪው ካነሰ ጠርዙ ተስቦ ጎድጓዳ ይሆናል፤ ኮፍያና ቅርጫት የሚሠሩት ሆን ተብሎ መጨመሩን በማቆም ነው። ከበዛ ጠርዙ ቦታ አጥቶ ይተጣጠፋል።

መተጣጠፉን እንደ ጥፋት ብቻ አይዩት። በላትቪያ የተወለደችው የሒሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚና በ1997 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳለች ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን፣ እየሰፋ ሲሄድ የሚተጣጠፍ ገጽ ለማሳየት የተጠቀመችው ይህንኑ ነው፤ በተወሰነ ስቲች ልዩነት ሳታቋርጥ እየጨመረች ስትሠራ ተማሪዎች በእጃቸው ይዘው የሚያጣጥፉት ሞዴል ሆነ።

ዝርግ ሆኖ ሳለ ክቡ ስድስት ማዕዘን ከመሰለ ጭማሪዎቹ በየዙሩ አንዱ በሌላው አናት ላይ ስለሚደራረቡ ነው። በየሁለተኛው ዙር የጭማሪውን ቦታ ወደ ድግግሞሹ መሃል ይውሰዱት፤ ብዛቱ አይለወጥም።

ማጂክ ሪንግ (ክብ ሥራ የሚጀመርበት፣ ተስቦ የሚጠብቅ የክር ቀለበት) አልሆነልኝም። ሌላ መንገድ አለ?

አለ። ሁለት ሰንሰለት ሠርተው የመጀመሪያዎቹን ስድስት ስቲቾች በሙሉ ከመንጠቆው ሁለተኛው ሰንሰለት ውስጥ ይሥሩ። መሃሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይቀራል፤ ለአሻንጉሊት ካልሆነ ማንም አያየውም።

ሥዕላዊውን ንድፍ እንዴት ላንብበው?

ቻርት የሚባለው ይህ ነው፤ የጃፓን ንድፎች በብዛት በዚህ መንገድ ይቀርባሉ፣ ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ከማንኛውም ትርጉም የበለጠ ያግዛል። ሞላላዋ ዜሮ ሰንሰለት ናት። ጥቁር ነጥብ ስሊፕ ስቲች፣ የመደመር ወይም የማባዛት ምልክት ሲንግል ክሮሼ ነው። ከላይ አግድም መስመር ያላት ቋሚ ዘንግ ሃፍ ደብል ስትሆን ዘንጓ ላይ አንድ ሰያፍ ጭረት ካለ ደብል፣ ሁለት ካለ ትሬብል ነው። እዚህ ላይ የአሜሪካና የእንግሊዝ ጣጣ የለም።

በረድፍ የሚሠራው ከታች ወደ ላይ ይነበባል፤ የፊቱ ረድፍ ከቀኝ ወደ ግራ፣ የጀርባው ከግራ ወደ ቀኝ። ክቡ ከመሃል ተነስቶ ወደ ውጭ፣ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ይዞራል። የምልክቱ ሥር የት እንደሚያርፍ ልብ ይበሉ። ብዙ ዘንጎች ከአንድ ነጥብ ከተነሱ ሁሉም አንድ ስቲች ውስጥ ይገባሉ፤ ከሰንሰለት በላይ ከቆሙ አብዛኛውን ጊዜ በሰንሰለቱ ሥር ባለው ክፍተት ውስጥ ናቸው።

ግራኝ ነኝ። ንድፎቹ ለእኔ ይሠራሉ?

የተጻፉት እንዳሉ ይሠራሉ፤ ሥራዎ የቀኝ እጀኛው በመስታወት የታየ ነው የሚሆነው። ቻርቱን በተቃራኒ አቅጣጫ ያንብቡ። ቪዲዮ ከሆነ በቪዲዮ ማስተካከያ ፕሮግራም ግራና ቀኙን ይገልብጡት። ጥንቃቄ የሚያሻው ልብስ ላይ «ቀኝ ትከሻ» ሲልና ጽሑፍ ወይም ሥዕል ያለበት ሥራ ላይ ነው፤ ካልተጠነቀቁ ፊደሉ ተገልብጦ ይወጣል።

አሻንጉሊት ሠርቼ ውስጡ ያለው ጥጥ ይታያል። ምን አጠፋሁ?

መንጠቆው ለክሩ ተልቋል። ለአሻንጉሊት የክሩ ወረቀት ከሚመክረው አንድ ሁለት ቁጥር ያነሰ መንጠቆ ይመረጣል፤ 4 ቁጥር ክርን በ3.5 ሚሊሜትር የሚሠሩ ብዙ ናቸው። እጅ ያደክማል፣ ቀዳዳ ግን አይኖርም። ሲቀንሱም የሁለቱን ስቲቾች የፊት ክር ብቻ ይዘው ቢያጣምሩ መገጣጠሚያው አይታወቅም።

ዓይኑን በተመለከተ፦ አሻንጉሊቱ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከሆነ የፕላስቲክ ዓይንም ሆነ አዝራር አያድርጉበት፣ በክር ይጥለፉት። «ሴፍቲ» የሚለው የፕላስቲኩ ዓይን ስም ነው እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ክሩ ሲላላ ዓይኑ ሊወጣና ልጁ ሊታነቅበት ይችላል።

ዳንቴሉ አልቆ ጠርዙ ይጠቀለላል። እንደ ፎቶው ቀጥ የሚለው በምንድን ነው?

ፎቶው የተነሳው ከተወጠረ በኋላ ነው። ጥጡን ዳንቴል አርጥበው፣ ፎጣ የተነጠፈበት ወፍራም ስፖንጅ ላይ በማይዝግ መርፌ ጫፍ ጫፉን ወጥረው ይሰኩትና ሳይነቀል ይድረቅ። ግትር እንዲል ከተፈለገ ስታርች ይጨመርበታል። የድሮ ሴቶች በስኳር ውሃም ያደርጉት ነበር፤ ጉንዳን ካልመጣ።

አክሪሊክ በውሃ ብቻ ቅርጹን አይዝም፣ እንፋሎት ይፈልጋል። ካውያውን ከላይ አንሳፈው እንፋሎቱን ብቻ ያሳርፉበት። ካውያው ከነካው ክሩ ይቀልጥና ይተኛል፤ ይህ አይመለስም።

ንድፉን ላሰፋው ወይም ላጠበው እፈልጋለሁ። ስንት ሰንሰለት ልጀምር?

«የ6 ብዜት ሲደመር 2» የሚል ፈልጉ። አንዱ ጌጥ 6 ስቲች ይፈጃል፣ ለጠርዝ ደግሞ 2 ይጨመራል ማለት ነው። ስለዚህ 62 ይሆናል፣ 92ም ይሆናል፤ 65 ግን ጌጡን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። ንድፉ ብዜቱን ካልጻፈ በኮከቦቹ መካከል የሚፈጁትን ስቲቾች ይቁጠሩ፤ ብዜቱ ያ ነው።

ለብርድ ልብስና ለስካርፍ ይህ ይበቃል። ልብስ ላይ ግን ወርዱን ብቻ ማሳደግ ብብቱንና አንገቱን ያበላሻል፤ ሁሉም አብሮ መሰላት አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ብዙ ልክ ያለው ንድፍ መፈለግ ይሻላል። ወይም ስቲቹን ሳይነኩ በግማሽ ሚሊሜትር የሚበልጥ መንጠቆ ይሞክሩና በናሙናው ስንት ሴንቲሜትር እንደሚጨምር ያስሉ፤ ከአንድ ልክ በላይ ለማሳደግ ግን ጨርቁ ይሳሳል።

በነጻ ንድፍ የሠራሁትን ልሸጥ? ንድፉንስ ለጓደኞቼ ላካፍል?

ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ነጻ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ የንድፉ ጽሑፍ፣ ፎቶውና ቻርቱ የአዘጋጁ ናቸው። ፋይሉን ገልብጦ በቴሌግራም መበተን ወይም በራስ ገጽ ላይ መለጠፍ ተገቢ አይደለም፤ ሊንኩን ይላኩ። ለብዙዎቹ አዘጋጆች ገቢው ገጹን ከሚጎበኙ ሰዎች ብዛት ነው የሚመጣው። ተርጉሞ ማውጣትም ፈቃድ ይጠይቃል፣ አብዛኞቹ ግን ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

የተሠራውን ዕቃ መሸጥን በተመለከተ ብዙ አዘጋጆች ስማቸው እስከተጠቀሰ ድረስ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ በጥቂቱ ብቻ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ አይፈቅዱም። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ከመከራከር መጠየቅ ይቀላል። ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ከንድፉ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። ካልተጻፈ ዕቃውን፣ ብዛቱንና የት እንደሚሸጡት ጠቅሰው አጭር መልእክት ይላኩ፣ መልሱንም ያስቀምጡት። የፊልምና የካርቱን ገጸ ባሕርይ አሻንጉሊት ከሆነ ግን የንድፉ አዘጋጅ ቢፈቅድም አይበቃም፤ የገጸ ባሕርዩ መብት የሌላ ድርጅት ነው፣ እሱን የመፍቀድ ሥልጣንም አዘጋጁ የለውም።